አንድ ዓይን፣ ሁለት ዓይን

ሰውየው ከማዕድ ተቀምጧል። የቀረበለት ሥጋ የበግም የበሬም አይደለም፤ ጣቶች ያሉት እጅ ነው። ከጎኑ ባለው ክፍል ጦሩን ይዞ ወጥቷል፤ የሚያድነው ሰው ነው። ቀጥሎ አንድ ለምጻም ከመንገድ ዳር ተቀምጦ እጁን ይዘረጋለታል። ለምጻሙ ውኃ ጠምቶታል። በፈጣሪ ስም ቢለምነው አልሰጠውም፤ በድንግል ማርያም ስም ሲለምነው ግን ያ ድንጋይ ልብ ራራና እፍኝ የማትሞላ ውኃ አጠጣው። በመጨረሻው ክፍል ሰውየው ሞቷል። ቅዱስ ሚካኤል ሚዛን ይዟል። በአንዱ ወገን የተበሉት 78 ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውኃ። እመቤታችን ጥላዋን ጣል ስታደርግበት የውኃው ወገን ያዘቀዝቃል።

በላኤ ሰብእ ነው፤ የቅምር ሰው። ደብረ ማርቆስ ወይም ቢቸና አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያገኘው ከመጽሐፍ አይደለም። የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ተአምሯ ሲነበብ ሰምቶታል፤ ከዚያም በፊት እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ፣ ቅዳሴው ሲረዝምበት፣ ዓይኑን በግድግዳው ላይ ሲያንከራትት አይቶታል። ማንበብ ሳይችል ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል። ክፍል በክፍል የተከፈለ ሥዕል፣ ከሥዕሉ አጠገብ አጭር ጽሑፍ፣ ገና ሲታይ የሚለይ ባለ ታሪክ፦ ሌላው ዓለም ይህን «ኮሚክ» ብሎ በጋዜጣ ወረቀት ሳያትመው በፊት የጎጃም ሠዓሊ በሸማ ላይ ሥሎ ከመቅደሱ ግድግዳ ለጥፎታል።

ለዚህ ሥዕል ግርጌ ሁለት መስመር ጻፍ ብባል እንዲህ እላለሁ፦

ቢከመር ቢቆለል 78 ሬሳ፣
እፍኝ ውኃ ከብዶ ሚዛኑን አነሣ።

ሌላው ዓለም ባለ ታሪኩን እንዲህ በአንድ እይታ የሚያሳውቀው በመጽሐፍ ሽፋን ነው፤ የሽፋን ሥዕል የሚወዱ ሰዎችም እዚያ ብዙ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ አልበርት ካንተር የተባለ አሳታሚ በ1941 እ.ኤ.አ. ታላላቅ ልብ ወለዶችን በሥዕል ተርኮ ማውጣት ጀመረ፤ «ክላሲክስ ኢለስትሬትድ» በሚል ስም የታወቁት እነዚህ መጽሔቶች ከ1951 ጀምሮ ሽፋናቸው በቀለም ቅብ መሠራት ጀመረ። የውስጡ ገጽ በመስመር የተነደፈ፣ በርካሽ ወረቀት የታተመ ነው፤ ሽፋኑ ግን ሠዓሊ ብሩሹን ይዞ የደከመበት። በ1960ዎቹ ፍራንክ ፍራዜታ የተባለው ሠዓሊ ኮናን ለተባለው ጦረኛ ታሪኮች የሣላቸው ሽፋኖች ከውስጡ ጽሑፍ በላይ እስኪታወሱ ደረሱ። አንባቢ መጽሐፉን የሚያነሣው ሽፋኑ ላይ ያለውን ሰው አይቶ ነው። ክፉ ነው? ደግ ነው? ሊሸነፍ ነው ወይስ ሊያሸንፍ? ይህ ሁሉ በአንድ ሥዕል፣ በአንድ እይታ መመለስ አለበት። ዛሬ እነዚያ ኦሪጅናል ሥዕሎች በጨረታ በብዙ ገንዘብ ይሸጣሉ።

የጎጃም ሠዓሊም ይህንኑ ጥያቄ መመለስ ነበረበት፤ የእሱ ተመልካች ደግሞ ርዕሱን እንኳ ላያነብ ይችላል። መልሱ ዓይን ውስጥ ነው። በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅና ሰማዕት፣ መልአክና ደግ ንጉሥ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው፣ ሁለት ዓይናቸው ተገልጦ ይሣላሉ። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች፣ አረመኔው ንጉሥ፣ እነዚህ በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ሕፃን ልጅም ቢሆን ይህን ሕግ ማንም ሳያስተምረው ይይዘዋል። ሥርዓቱ ከሃይማኖቱ ሥዕል አልፎ ወደ ጦርነት ሥዕልም ገብቷል። የዓድዋን ጦርነት በሚያሳዩት የሕዝብ ሥዕሎች የኢትዮጵያ ሠራዊት ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ የጣልያኑ ሠልፍ በጎን ነው። ከላይ በደመናው ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረሱ ይጋልባል። ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ የሬሳ ቁጥር መቁጠር አያስፈልግም።

ከዓይን ቀጥሎ ምልክት አለ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው ስድስት ክንፍ አላቸው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገላቸው በጠጉር ተሸፍኖ ከስልሳ አንበሳና ከስልሳ ነብር መካከል ይቆማሉ፤ ወፍ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ጅራት ደብረ ዳሞ ይወጣሉ። ቅዱስ ያሬድ ሲዘምር የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ ይፈሳል፤ እሱም ንጉሡም አላወቁም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ታያለች። ይህ ሁሉ ስም ሳይጻፍ የሚነበብ ነው። ዛሬ የኮሚክ ደራሲ ለጀግናው ካባ፣ ጭምብልና ደረት ላይ የሚለጠፍ ምልክት ሲፈልግ የሚደክመው ድካም እዚህ ድሮ አልቋል።

ስሙ ባይጻፍም ይነበባል አልኩ እንጂ ይጻፋል። በብራና መጻሕፍትና በግድግዳ ሥዕሎች ላይ ከምስሉ አጠገብ የሚሰፈረው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ «ዘከመ…» ብሎ ይጀምራል፤ እንዲህ እንዳደረገ፣ እንዲህ እንደሆነ ይላል። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ድርጊቱን ነግሮ ያቆማል። ከታች፣ ከእመቤታችን እግር ሥር፣ በግንባሩ የተደፋ ትንሽ ሰው ይታያል። ያ ሥዕሉን ያሠራው ነው፤ «ዘተማሕፀነ» ተብሎ ስሙ ይጻፍለታል። ከፋዩ አለ፣ ቅዱሱ አለ፣ አጋንንቱም አሉ። ሥዕሉን የሣለው ሰው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ቦታው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ብርዳም ከተማ ናት። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን ላይ የወጣ መንገደኛ ሜዳውን ይዞ ሲሄድ በስተቀኝ የጮቄ ተራራ ይከተለዋል። ከተማዋ ጥንት መንቆረር ትባል ነበር፤ የአሁኑን ስሟን ያገኘችው ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ መናገሻቸው ይህች ከተማ ሆነች። በዓመቱ እምባቦ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ ቆስለው ተማረኩ። 

በእኒህ ንጉሥ ዘመን ጎጃም ውስጥ ያደገ አንድ ልጅ ነበር። የተወለደው በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወለጋ ውስጥ ከኦሮሞ ቤተሰብ ነው። በልጅነቱ በዘመቻ ተማርኮ ዓባይን ተሻገረ፤ በንጉሡ ጥላ ሥር አደገ፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማረ፤ ሥዕልም ተማረ። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የምንላቸው ናቸው። ዛሬ የምናውቃቸው በታሪክ ጸሐፊነታቸው ነው። የጎጃምን ትውልድ ከዓባይ እስከ ዓባይ የቆጠረው መጽሐፋቸው ተመራማሪ ሁሉ የሚጠቅሰው ነው። የኢትዮጵያ ታሪካቸውን ዶክተር ሥርግው ገላው አሰናድተው በ2002 ዓ.ም. አሳትመውታል፤ የጎጃሙን ዜና መዋዕል ደግሞ ግርማ ጌታሁን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ2014 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ወጥቷል።

ሠዓሊነታቸውን የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው። እኔ ግን የሁለቱን ሥራ መነጣጠል አልችልም። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ሰውን ሲገልጡ ብዙ አያወሩም፤ አንድ ድርጊት፣ አንድ ንግግር፣ አንድ መልክ ይሰጡንና ያልፋሉ። ግድግዳ ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው ቦታ መቆጠብ ያውቃል። አንድ ባላባት በአንድ ክፍል ውስጥ አንዴ ነው የሚታየው፤ ያኔ ምን ይዞ፣ ወዴት አይቶ እንደሚታይ መወሰን አለበት። የታሪክ ተማሪዎች ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ ምንጭ ፍለጋ ብቻ ባያነቡት ደስ ይለኛል።

ብሩሽና ብዕር አብረው ከያዙት ሁለተኛው ሰው ከጣና ዳር ናቸው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 እ.ኤ.አ. ዘጌ ተወለዱ። ዘጌ ላይ ያደገ ልጅ ሥዕል ካላየ የት ሊያይ ነው? በቡናው ጫካ ውስጥ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና እንደ አዝዋ ማርያም ያሉ፣ መቅደሳቸው ከታች እስከ ላይ በሥዕል የተሸፈነ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ምኒልክ በ1887 እ.ኤ.አ. ጣልያን ልከዋቸው ቶሪኖ ላይ የሥዕል ትምህርት ተማሩ፤ ተመልሰው እንጦጦ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሣሉ። ኋላ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያሳተሙት፣ ጦቢያ በምትባለዋ ባለ ታሪክ የምናውቀው መጽሐፍ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። የፖለቲካ ታሪካቸው አከራካሪ ነው፤ ከጣልያን ጋር መቆማቸው አይረሳም፤ እዚህ ቦታው አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ የመጀመሪያውን ባለ ታሪክ የፈጠረው እጅ አስቀድሞ ብሩሽ የያዘ እጅ ነበር።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ የጎጃም ሰው አይደለም፤ በ1932 እ.ኤ.አ. ሐረር ነው የተወለደው። ግን ሥዕልና ግጥም በአንድ ሰው ውስጥ ሲኖሩ ምን እንደሚሆን ለሚጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው። ግጥሞቹን ቀለም አይለያቸውም። አገሩን ናፍቆ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ አረፈ።

የጎጃም ግጥም የሚባል ነገር ካለ መሠረቱ ቅኔ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ እያልን የምንጠራቸው ቦታዎች የቅኔ ጉባኤ ስም ናቸው። ከታወቁት ሦስት የቅኔ ቤቶች፣ ከዋድላ፣ ከጎንጅና ከዋሸራ፣ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ደበሎ የለበሰ ተማሪ ቀን አኮፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ቀሪውን ሰዓት ከጫካ ጥግ ወይም ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ሲመሽ ለየኔታ ያሰማል። የኔታ ይሰሙና ያርማሉ፤ አንዳንዴ ያፈርሱታል። ከቅኔው ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። ትልቁ ሕግ ደግሞ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አለመባሉ ነው። ለዛሬው በዓል የዛሬ ቅኔ ያስፈልጋል።

የቅኔ ተማሪ ያልመረጠው ነገር ብዙ ነው። የዕለቱ ቅዱስ የታወቀ ነው፤ ልኩ የታወቀ ነው፤ ከመጽሐፍ የሚያነሣው ታሪክ የታወቀ ነው። ነፃነቱ በምስጢሩ አገባብ ላይ ነው። ሠዓሊውም እንደዚያው። የጊዮርጊስን ፈረስ ጥቁር ማድረግ አይችልም። ነገር ግን ጥግ ጥጉ የእሱ ነው። እዚያ የሚወደውን ይሥላል፦ ውሻ፣ የጠጅ ብርሌ፣ ጋሻ ጃግሬ፣ የራሱ ዘመን ልብስ። ለዚህ ነው በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የፈርዖን ሠራዊት ኤርትራ ባሕር ውስጥ ጠመንጃ ተሸክሞ ሲሰጥም የምናየው። «በሙሴ ዘመን ጠመንጃ የት ነበር?» ብሎ የሚስቅ ጎብኚ አላስተዋለም። ሠዓሊው ተመልካቹ የሚያውቀውን ጉልበተኛ ነው የሚያሳየው። የፈርዖን ጦርና ሠረገላ ለመንቆረር ገበሬ ምን ያስፈራዋል? ጠመንጃውን ግን ያውቀዋል።

ቤተ ክህነት ግን ጥጉን ብቻ ነው የሚለቅለት፤ ዋናውን ነገር ከነኩት ቀልድ የለም። ቬኒስ ተወልዶ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኢትዮጵያ የገባው ኒኮሎ ብራንካሊዮን ለአሠርት ዓመታት ሲሥል ኖሯል። በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ አግኝቶታል። ይህ ሰው በአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ሣለ። በአውሮፓ ደንብ ነውር የለውም። እዚህ ግን ግራ እጅ የክብር ቦታ አይደለምና ሕዝቡ ተቆጣ፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመጣ የዚህን ሁከት ወሬ ጽፎታል። አንድ ክንድ ነው የተለወጠው። ያቺ ክንድ ግን የባለ ታሪኩን ማዕርግ ለወጠች። ሥዕልን እንዲህ አጥብቆ የሚያነብ ተመልካች ያለው ሠዓሊ የታደለም የተረገመም ነው።

አሠራሩን ላስታውስ። በብራና ላይ ከሆነ ሠዓሊው መቃ ብዕር፣ ከጥላሸት የተዘጋጀ ጥቁር ቀለምና ቀይ ቀለም ነበረው። በግድግዳ ላይ ከሆነ ሸማው ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ ነጭ ይቀባል፤ ከዚያ ንድፉ በጥቁር መስመር ይወጣል፣ ቀለሙ መስመሩ ውስጥ ይሞላል። ጥላና ብርሃን ብዙም የለም፤ መስመሩ ነው የሚገዛው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የፋብሪካ ቀለም ከውጭ መግባት ሲጀምር ሰማያዊውና ቀዩ ደመቀ። የዚያ ዘመን ሥዕሎች ከሩቅ የሚጣሩት ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከጎጃምና ከጎንደር የመጡ በቤተ ክርስቲያን የሠለጠኑ ሠዓሊዎች አዲስ ገበያ አገኙ። ገዢው የውጭ አገር ዲፕሎማት፣ ነጋዴ፣ ሐኪም ነው። ሥዕሉ ተጠቅልሎ በሻንጣ መሄድ አለበት፤ ስለዚህ ከግድግዳ ወርዶ አቡጀዴ ላይ ወጣ። በላቸው ይመር በዚህ ዘመን ከታወቁት አንዱ ናቸው። ፈረንጆቹ ከሁሉም የወደዱት የንግሥተ ሳባን ታሪክ ነበር። ብዙ ጊዜ በ44 ክፍሎች ይሣላል፤ አራት መስመር፣ በየመስመሩ አሥራ አንድ። ከላይ ከግራ ጀምሮ ሕዝቡ ለዘንዶው ሲገብር ይታያል፤ ዘንዶውን መርዝ ባበሉት ፍየል የሚገድለው ሰው ይነግሣል፤ ልጁ ንግሥት ትሆናለች። ነጋዴው የሰሎሞንን ዝና ያመጣላታል፤ ትሄዳለች። ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ራት ያበላታል፤ ከቤቴ አንዳች ሳታስፈቅጂ ብትወስጂ ቃልሽን አፈረስሽ ይላታል። ሌሊት ውኃ ጥም ያቃጥላታል። ሠዓሊዎቹ በዚህ ቦታ ላይ ይዘገያሉ፦ አልጋው፣ እንስራው፣ የተዘረጋችው እጅ፣ ነቅቶ የሚጠብቀው ንጉሥ። ሳቅም አለበት። ታሪኩ በምኒልክና በታቦተ ጽዮን አክሱም መግባት ያልቃል።

ፈረንጁ ይህን ገዝቶ ሳሎኑ ሲሰቅለው «የአፍሪካ ኮሚክ» ብሎ ለእንግዳ ያሳየው ይሆናል። አልፎ አልፎ ምሁራን ሳይቀሩ ለቱሪስት የተሠራ ርካሽ ሥራ ብለው አልፈውታል። ይህን ፍርድ አልቀበልም። ለገበያ መሠራቱ ዋጋውን አይቀንሰውም፤ የፍራዜታም ሽፋን ለገበያ ነው የተሣለው። ደግነቱ ግርማ ፍስሐ የመሰሉ ሰዎች ነበሩ። ያኔ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ይባል በነበረው የሙኒክ ሙዚየም የኢትዮጵያን ስብስብ ይዘው የሠሩት ግርማ ከቫልተር ራውኒግ ጋር በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የሕዝብ ሥዕልን እንደ ታሪክ ምንጭ አነበቡት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም የዚህ ዓይነት ሥዕል ይገኛል፤ ለማየት ሙኒክ መሄድ አያስፈልግም።

ከእነዚህ ሠዓሊዎች ሁሉ ለምሥራቅ ጎጃም ቅርቡ ቄስ አዳሙ ተስፋው ናቸው። ቢቸና ዲማ ጊዮርጊስን የመሰለ የመጻሕፍትና የቅኔ ጉባኤ አጠገቧ ያላት ከተማ ናት፤ ከደጀን ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። መንገዱን ይዘው ከቀጠሉ ደብረ ወርቅ ማርያም አለች፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የሚባልላት ሥዕል ያለባት ደብር። ቄስ አዳሙ የዚህ አካባቢ ሰው ናቸው። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ቅስና ተቀበሉ፤ ሥዕልም በዚያው ሥርዓት ተማሩ። ኋላ አዲስ አበባ ገብተው ኑሯቸውን በሥዕል አደረጉ።

የቄስ አዳሙን ሥራ ከሌሎቹ የሚለየው ሰዎቻቸው ናቸው። ሃይማኖታዊ ሥዕል አላቸው፣ የጦርነት አላቸው፣ የዕለት ኑሮም አላቸው። ሕዝብ ሲሰበሰብ ፊት ከፊት ላይ እየተደራረበ ይመጣል፤ ትልልቅ ዓይኖች ከየአቅጣጫው ያያሉ። ከሥርዓቱ የተማሩት የዓይን ሕግ እዚህም አለ፤ ግን ዕለታዊ ኑሮን ሲሥሉ ጻድቅና ኃጥእ ብሎ መክፈል ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሚያፍር ዓይን፣ የሚቀላውጥ ዓይን፣ የሚያሾፍ ዓይን ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት ፊት የነበረው ሥርዓት በእሳቸው እጅ ብዙ ዓይነት ፊት ሆነ። የባለ ታሪክ አሣሣል ሲሉ ይህ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ሬይመንድ ሲልቨርማን የቄስ አዳሙን ሕይወትና ሥራ ለዓመታት አጥንቷል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የፋውለር ሙዚየም ትልቅ ዐውደ ርዕይ ተዘጋጀላቸው፤ ስለ እሳቸው ብቻ የተጻፈ መጽሐፍም አብሮ ወጣ። አንድ የቢቸና ቄስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ብቻቸውን አዳራሽ ሞሉ። ቢቸና ላይ ስማቸውን ብትጠይቁ ስንቱ ያውቃቸዋል? መልሱን መገመት አያቅትም፤ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ሬምብራንት ከሚያስተምሩት ሩቡን ያህል ስለ ቄስ አዳሙ አያስተምሩም።

ኮሚኩም በራሱ ስም መጥቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. በሰራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን አወጣ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ባለ ታሪኩ ከኮሌጅ ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ አማኑኤል የተባለ የአዲስ አበባ ወጣት ነው፤ ልዩ ኃይል ያገኛል። «ሐዊ» የምትባል ሴት ጀግናም ተከትላለች። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። የሥዕሉ ቋንቋ ግን፣ የጡንቻው አሣሣል፣ የካባው አወራረድ፣ የፍልሚያው ማዕዘን፣ በአብዛኛው ከአሜሪካ የመጣ ነው። ጀግናው አበሻ ነው፤ ዓይኑ ገና አይደለም። ለሚቀጥለው ወጣት ሠዓሊ የምለው አለኝ፦ አንድ ቅዳሜ ተነሥተህ ማርቆስ ወይም ዲማ ሂድ፤ ንድፍ ደብተርህን ይዘህ መቅደሱን ዙር፤ ማን በጎን፣ ማን በፊት እንደተሣለ ጻፍ። ከዚያ ተመለስና ክፉ ሰው ሣል።

የሚያሳስበኝ ግድግዳው እስከዚያ ይቆይ እንደሆነ ነው። ጣራ ያፈስሳል፤ ሸማው ይለቃል፤ ምስጥ ይገባል። ከዚህ የሚብሰው ግን በጎ ፈቃድ ነው። ደብሩ ይታደስ ተብሎ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ አሮጌው ሥዕል «ደብዝዟል» ይባላል፤ በላዩ አዲስ ይቀባበታል፣ ወይም ከሱቅ የተገዛ የታተመ የአውሮፓ ሥዕል ይለጠፍበታል። በታተመው ሥዕል ላይ ይሁዳም ሐዋርያቱም አንድ ዓይነት ያያሉ፤ የአውሮፓ ሠዓሊ የዓይንን ሕግ አያውቅማ። አዲሱ ያምራል፤ አላማረም አልልም። አሮጌው ግን አንዴ ከጠፋ ፎቶውም፣ ንድፉም፣ የሣለው ሰው ስምም የለም።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤዎችና ለደብር አለቆች አንድ ልመና አለኝ። አሮጌ ሥዕል ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በቀን ብርሃን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ከሥዕሉ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል ገልብጡ፤ ከአረጋውያኑ ሠዓሊውን የሚያስታውስ ካለ ስሙን፣ አገሩንና ዘመኑን ጠይቃችሁ ጻፉ። አንዱን ቅጂ ለሀገረ ስብከቱ፣ ሌላውን ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ስጡ። የመጽሐፍ አሳታሚዎችም፣ የሽፋኑን ሠዓሊ ስም ከሽፋኑ ጀርባ በአንድ መስመር አትሙ።